ቤትና ተክል በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚሠሩ፣ የሚያድሱና የተከራዩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ።

ግቢ ውስጥ አበባ መትከልና ተክልን ከቤቱ ጋር አብሮ ማቀድ ምን ልዩነት አለው?

ልዩነቱ የሚታሰብበት ጊዜ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ስለ ተክል የሚያስበው ቤቱን ጨርሶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ግቢውንም ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ከዘጋ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው በር ላይ ሁለት የአበባ ማስቀመጫ ማቆም ብቻ ነው። አብሮ ማቀድ ግን ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ ይጀምራል። የትኛው ግድግዳ ጥላ እንደሚፈልግ፣ የጣሪያው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ፣ የትኛው መሬት ሲሚንቶ እንደማይነካው ያኔውኑ ትወስናላችሁ። እንዲህ ሲሆን ተክሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጥላ የሚሰጥ፣ አቧራ የሚይዝ፣ የክረምቱን ውሃ የሚያሰርግ የቤቱ አካል ይሆናል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ዘጌ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቤቱም ገዳሙም ያለው ጫካው ውስጥ ነው፣ ቡናው ደግሞ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ በጠራራ ፀሐይም መንገዱ ጥላ ነው። ተመልሳችሁ ከተማ ስትገቡ ግን አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ግድግዳው፣ አጥሩና ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው።

እውነት ቤት ያቀዘቅዛል ወይስ ለዓይን ብቻ ነው?

ያቀዘቅዛል፣ ቦታው ላይ ከተተከለ። የብሎኬት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ የያዘውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት መስኮት ከፍታችሁም የሚያልባችሁ ለዚህ ነው። ተክል ፀሐዩን ግድግዳው ላይ ሳያርፍ በፊት ይጋርደዋል። በቅጠሉ በኩል የሚተነው ውሃ ደግሞ ከአካባቢው አየር ሙቀት ይወስዳል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ጥላው ነው፤ ስለዚህ ሳሎን ጥግ የቆመ ተክል ሙቀት ይቀንስልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የሚቀንሰው ውጭ፣ በፀሐዩና በግድግዳው መካከል ያለው ነው።

ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ግን ሙቀቱ በብዛት የሚመጣው ከላይ ነው። መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ፤ ተክሉ ይደርሳል።

በየትኛው አቅጣጫ ልትከል?

ምዕራብ። አንድ ዛፍ ብቻ የመትከል ዕድል ካላችሁ ምዕራብ ላይ ትከሉት። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል የጣሪያው ጠርዝ አይከልላትም፤ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ትወጣለች። ይህን የሚመክተው ቁመት ያለው ነገር ነው፣ ዛፍ ወይም ሐረግ የወጣበት ሽቦ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሰሜኑን ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ሰሜን ፀሐይ አያገኘውም ብለው ትልቅ መስታወት ያስገጠሙ ሰዎች ግንቦት ላይ ይገረማሉ። ቀትር ላይ በጣም ከፍ ስለምትል አጭር የበረንዳ ክዳን ይበቃታል፤ ጠዋትና ማታ በአግድም የምትገባው ናት የምታስቸግረው።

በሌላ በኩል ሐይቁ ያለው በሰሜን ነው፣ የቀኑ ነፋስም የሚመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ሰሜን ላይ ጥቅጥቅ ያለ የተክል አጥር አታቁሙ። ግንዱ ረጅም፣ ከታች ክፍት የሆነ ዛፍ ጥላውንም ነፋሱንም ይሰጣችኋል።

ቦታዬ ጠባብ ነው፤ ለተክል የሚሆን መሬት የለኝም። ምን ላድርግ?

መሬት አለ፤ ሲሚንቶ ሆኖ ነው እንጂ። መኪና ከማይቆምበት፣ ሰው ከማይመላለስበት ቦታ ላይ ሲሚንቶውን ተዉት። በአጥሩ ሥር ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው መሬት ብቻ ብትተዉ ለሐረግ፣ ለጌሾ፣ ለሎሚ፣ ለጤና አዳምና ለበሶብላ ይበቃል። መኪና የሚቆምበትም ቢሆን ጎማው የሚረግጣቸውን ሁለት መስመሮች አጠንክሮ መሐሉን ሣር ማድረግ ይቻላል።

ግቢን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ሌላም ጣጣ አለው። ሐምሌ ላይ የወረደው ዝናብ የሚሰርግበት ሲያጣ ወይ ወደ ጎረቤት ይሄዳል ወይ በር ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ ከተማ ርካሹ አረንጓዴ ግንባታ ሳይገነባ የቀረ መሬት ነው።

የትኞቹ ተክሎች ይሻላሉ?

የባሕር ዳርን ዓመት አስቡት። በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ እናገኛለን፣ ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው። በክረምት ያልተከላችሁትም ይበቅላል። ፈተናው ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ ተክል ስትመርጡ ነሐሴ ላይ እንዴት ያምራል ሳይሆን መጋቢት ላይ ምን ይመስላል ብላችሁ ጠይቁ።

ለምዕራቡ ጥላ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ ዛፍ ነው የሚያስፈልገው። ቦታ ካላችሁ ማንጎን የሚያህል የለም፤ ጥላው ድፍን ነው፣ ፍሬውም አለ። አቮካዶም ጥሩ ነው። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል ግን ድርቅ ይችላል። ጃካራንዳ ውብ ነው፣ ግን ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋ፣ ጥላው በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው። ዘንባባም ለከተማችን ጎዳናዎች ግርማ ሰጥቷል፣ ለመኖሪያ ግቢ ግን ጥላው ከስሙ ያነሰ ነው። ሁለት ዘንባባ ተክሎ ቤቴ ይቀዘቅዛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ለግድግዳና ለአጥር ቡገንቪሊያ ከሁሉም ይሻላል። አንዴ ሥር ከያዘ በትንሽ ውሃ ይኖራል፣ እንዲያውም ውሃ ሲቀንስበት ነው አበባው የሚደምቀው። እሾሁን ግን አትርሱት፤ ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ አርቁት። ፓሽን ፍሩትና ወይን ፍሬ ይሰጣሉ፣ ውሃ ግን ይፈልጋሉ። ለጥልቀት የለሽ አፈርና ለሚረሳ ሰው እሬትና እንዳሁላ አሉላችሁ። የወፍ ቆሎን አበባው አምሮ ቢታያችሁም ተዉት፤ ወፎቹ ዘሩን ወስደው የሰውን ማሳ ይሞሉበታል።

ሐረግ ግድግዳ አይሰነጥቅም? ልስኑንስ አያበላሽም?

እንደ ሐረጉ ነው። በራሱ ሥር ግድግዳውን ቆንጥጦ የሚወጣ ዓይነት አለ፣ አይቪ የሚሉት አንዱ ነው። ይኼ ደካማ ልስን ላይ ከወጣ ሲነቀል ልስኑን ይዞ ይመጣል፣ ስንጥቅ ካገኘም ገብቶ ያሰፋዋል። ቡገንቪሊያ፣ ወይንና ፓሽን ፍሩት ግን ግድግዳ አይቆነጥጡም። የሚደገፉበት ወይም የሚጠመጠሙበት ነገር ከሰጣችኋቸው በዚያ ላይ ይሄዳሉ።

መፍትሔው ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ የቆመ ሽቦ ወይም የብረት ፍሬም ነው። ክፍተቱ ሁለት ጥቅም አለው። በክረምት እርጥበት ግድግዳው ላይ ተኝቶ ሻጋታ እንዳያመጣ አየር ያስገባል፣ በበጋ ደግሞ ሙቀቱ ከቅጠሉ ጀርባ ሽቅብ እንዲወጣ መንገድ ይሆናል። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃም ይሠራል፣ ያምራልም፤ ዝናብና ነቀዝ ስለሚበላው ግን በየጥቂት ዓመቱ መቀየሩን አስባችሁ ግቡበት። ፍሬሙ የሚታሰርበት ብረት ብሎኬቱ ሲገነባ አብሮ ቢቀበር ጥሩ ነው። በኋላ መብሳት ልስኑን ይሰነጥቃል፣ ግንበኛውም ሌላ ሒሳብ ይጠይቃችኋል።

የጭቃ ቤት ከሆነ አፈር ግድግዳው ላይ አትቆልሉ። ምስጥ በዚያው ነው የሚገባው።

ዛፍ ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ?

መልሱ በዛፉም በአፈሩም ይለያያል። ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ዘይቱን የመሳሰሉት ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀት ይበቃቸዋል። ማንጎ ወደ ሰባት ሜትር ብታርቁት ቅርንጫፉ ጣሪያ አይነካም፣ አሸንዳችሁም በቅጠል አይደፈንም። ሾላና ዋርካ ለተራ የመኖሪያ ግቢ የሚሆኑ አይደሉም፤ ሥራቸው ውሃ ፍለጋ ሴፕቲክ ታንክና ቧንቧ ውስጥ ይገባል።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ አጠገቡ ካለ ደግሞ አፈሩን ከሚገባው በላይ ያደርቀውና የቤቱ አንድ ጥግ ወደታች ይሄዳል። ከበሩ ማዕዘን ጀምሮ ወደ ሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ዋልካ ላይ ባሕር ዛፍን ቢያንስ የቁመቱን ያህል አርቁት፣ ማለትም ለተለመደው የከተማ ቦታ አትትከሉት። እንዲሁም ለዓመታት የቆመ ትልቅ ዛፍ ቆርጣችሁ ወዲያው እዚያው ላይ ቤት አትጀምሩ። ደርቆ የነበረው ዋልካ ውሃ ሲመለስለት እንደገና ያብጣል።

በነገራችን ላይ ከግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከአሸንዳ ውስጥ ትንሽ የሾላ ችግኝ ብቅ ስትል ካያችሁ ዛሬውኑ ንቀሏት። ዘሯን ያመጣችው ወፍ ናት። በጣት የምትነቀለው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብቻ ነው፤ ካለፈች ግድግዳውን ይዛ ነው የምትወጣው።

በበጋ ውሃ ከየት ይመጣል? ቧንቧው ራሱ ይጠፋል እኮ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካላችሁ በዓመት ወደ 140,000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል፤ የሚረጨውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ ከመቶ ሺህ በላይ ይቀራል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በአንድ ደህና ዝናብ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ወደ ቦይ ነው። ስለዚህ ሮቶውን ለመስከረም መጨረሻ ዝናብ አዘጋጁት፦ ታጥቦ፣ ተከድኖ፣ ሞልቶ ወደ ጥቅምት ይግባ።

አሁን ደግሞ ወጪውን እዩ። ማስቀመጫ ውስጥ ያለ ተክል ግድግዳ ላይ ሲደረደር በካሬ ሜትር በቀን ከ2 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። አምስት ካሬ ሜትር ቢኖራችሁና በቀን ሦስት ሦስት ሊትር ብትሰጡት 15 ሊትር ነው፤ ሁለት ሺህ ሊትሩ አራት ወር ከምናምን ያደርሳችኋል፣ እስከ የካቲት አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው ከባዶቹ። መሬት ላይ የተተከለ ሐረግ ግን ሥሩን ወደታች ስለሚሰድ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በሳምንት አንዴ ቢጠጣም ይበቃዋል። ለዚህ ነው ከማስቀመጫ ይልቅ መሬት የምመክረው።

ውሃውን ማታ ወይም በማለዳ ስጡ፣ የተክሉን ሥር ደግሞ በደረቅ ሣር ወይም በቡና ገለባ ሸፍኑ። ቀዳዳ ያለው ቱቦ ዘርግቶ በጠብታ ማጠጣትም ብዙ ውሃ ያተርፋል።

የልብስ ማጠቢያ ውሃ ብጠቀምስ?

ይቻላል፣ በጥንቃቄ። የመጀመሪያው ዙር በዱቄት ሳሙና የተሞላ ስለሆነ ጨዉ አፈሩን ያበላሻል፤ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። የመታለቅለቂያውን ውሃ ለሙዝ፣ ለሐረግና ለጥላ ዛፍ ስጡ። በረኪና ያለበትን በፍጹም። ሰላጣና ቆስጣ ላይም አታፍስሱ። አታጠራቅሙትም፤ ባደረ ቁጥር ይሸታል።

ተክል ሲበዛ እባብና ወባ አይመጣም?

የወባ ትንኝ የምትራባው በውሃ ነው፣ ቅጠል አይደለም የሚፈለፍላት። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ስለሆነ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ከእንቁላል ተነስታ በራሪ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለውን ሳህን በየሳምንቱ ድፉት፣ ሮቶውንና በርሜሉን ክደኑ፣ የአየር መተንፈሻውን በወንፊት ሸፍኑ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በተለይ አትዘናጉ። ቀን ቀን ትንኞች ጥላ ያለበት ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚያርፉ የመኝታ ቤት መስኮት ሥር ጥቅጥቅ ያለ ነገር አትትከሉ።

እባብ የሚመጣው አይጥ ፍለጋና መደበቂያ ፍለጋ ነው። ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ፣ የተከመረ ጣውላና ያልታጨደ ሣር ከሐረግ ይበልጥ ይስቡታል። ቁጥቋጦውን ከታች እስከ ጉልበት ድረስ እየመለመላችሁ መሬቱ እንዲታይ አድርጉ፤ ይበቃል።

የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ያለኝ በረንዳ ብቻ ነው። ምን ይሆናል?

ሊንቀሳቀስ የሚችል ነገር ያዙ። ቀለል ያለ የፕላስቲክ ማስቀመጫ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ እሬት። እነዚህን ልብ በሉ። ማስቀመጫውን ከበረንዳው መከለያ ብረት ውጪ አታንጠልጥሉ፤ የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ሲመጣ የሚቀድመው ነፋስ ያወርደዋል፣ ከታች ደግሞ ሰው ያልፋል። ከባዱንም ከጫፉ ሳይሆን ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ከሥሩ ሳህን ይኑር፤ የታች ቤት ሰዎች ያሰጡት ልብስ ላይ ጭቃ ከተንጠባጠበ ጉርብትናው ያበቃል።

የቤት ውስጥ ተክል አየር ያጸዳል ይባላል። ማታ ግን ኦክስጅን ይሻማል ይላሉ። የቱ ነው እውነት?

ሁለቱም ተጋንነዋል። አየር ያጸዳል የሚለው ወሬ የተስፋፋው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው፤ ጥናቱ ግን የተሠራው በታሸጉ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ነበር። በራችሁና መስኮታችሁ በሚከፈት ቤት ያን ያህል ለውጥ ለማግኘት ክፍሉን በተክል መሙላት አለባችሁ፣ እናንተ የምትቀመጡበት እስኪጠፋ ድረስ። የምትፈልጉት ንጹሕ አየር ከሆነ መስኮት ክፈቱ።

ማታ ተክል ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፣ መጠኑ ግን አጠገባችሁ ከተኛው ሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰውየውን ካላስወጣችሁ ተክሉን አታስወጡ።

ካፌዎች ግድግዳ ላይ እንደሚያደርጉት ያለ ሙሉ የተክል ግድግዳ ላሠራ?

መጀመሪያ ጠጋ ብላችሁ ንኩት፤ ብዙው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ አቧራ ይይዛል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ አያቀዘቅዝም። ጌጥ ነው ከተባለ እሺ።

እውነተኛው ተክል ግድግዳ ደግሞ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ማዳበሪያና በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። አፈሩ ትንሽ ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ለጥቂት የበጋ ቀናት ከቆመ ግማሹ ይደርቃል። ሆቴል ከሆናችሁና አትክልተኛ ከቀጠራችሁ ሞክሩት። ለመኖሪያ ቤት ግን ገንዘቡን ለሽቦና ለሁለት የቡገንቪሊያ ችግኝ አውሉት፤ የተረፈውን ለሌላ ሥራ ታውሉታላችሁ።

ሶሌታዬ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ጣሪያዬ) ላይ አፈር አፍስሼ አትክልት ብተክል ይችላል?

መሐንዲሱን ሳትጠይቁ አታፍስሱ። ውሃ የጠጣ አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ቢኖረው በካሬ ሜትር ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት እንዲችል ነው የሚሰላው። አፈሩ ብቻውን ድርሻውን ሊጨርሰው ትንሽ ቀረው ማለት ነው፤ ሰዉ፣ ልብስ ማስጫው፣ ሮቶው ገና አልተቆጠሩም። አንድ ግማሽ በርሜል አፈር እንኳ እርጥብ ሲሆን ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ማስቀመጫ ብቻ የምትደረድሩ ከሆነ ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ባለበት መስመር ላይ፣ ጠርዝ ጠርዙን አድርጉት፣ መሐሉን ልቀቁት። ገና ልትሠሩ ከሆነ ግን ሐሳቡን ፌሮው (የኮንክሪቱ ብረት) ከመታሰሩ በፊት ተናገሩ። ያኔ ጥቂት ብረት መጨመር ነው፣ በኋላ ግን በጣም ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው፣ ከክብደቱ ይልቅ ብዙ ቤት ያበላሸውም እሱ ነው። ሶሌታው ወደ መውረጃው ዘንበል ያለ መሆን አለበት። በላዩ የውሃ መከላከያው፣ ከዚያ የተክል ሥር የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ከዚያ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር፣ ከዚያ አፈሩ እንዳይሾልክ የሚይዝ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ አፈር። ከአፈሩ ጋር ሬድ አሽ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብትቀላቅሉ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ውሃም ያሳልፋል። አፈር ከመውጣቱ በፊት መውረጃውን ድፈኑና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ አቁማችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ከታች ኮርኒሱ ላይ ትንሽ እንኳ ነጠብጣብ ከታየ ሥራው አላለቀም። ይህን ፈተና ኮንትራክተሩ አያስፈልግም ካላችሁ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙት።

ጥልቀት በሌለው አፈር ላይ እሬት፣ እንዳሁላ፣ ኮሰረትና ሽንኩርት ይሆናሉ። ቀርከሃና ሾላ ግን ጣሪያ ላይ አይውጡ፤ ሥራቸው መከላከያውን ይበሳል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይስ?

አይሆንም። ማገሩ አይችልም፣ እርጥብ አፈርና ቅጠልም ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ጥላ ከፈለጋችሁ ከቤቱ ተለይቶ በራሱ ቋሚ የቆመ ዳስ ሥሩና ሐረጉን በዚያ ላይ አውጡ። ጥቅምት ላይ አሸንዳውን ጥረጉ።

ሚላን ውስጥ ፎቁ ላይ ዛፍ የበቀለበትን ሕንፃ በቪዲዮ አይቻለሁ። እዚህ ይሠራል?

ያያችሁት ቦስኮ ቬርቲካሌ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጠናቀቁ ሁለት ማማዎች፣ ወደ 800 የሚጠጉ ዛፎች ያሉባቸው። ቪዲዮው የማያሳየው ከጀርባው ያለውን ሥራ ነው። በረንዳዎቹ ለዛፍና ለእርጥብ አፈር ተብለው ተጠናክረው ነው የተሠሩት፣ ዛፎቹ ነፋስ መቋቋማቸው በሙከራ ተፈትኗል፣ ውሃው በማዕከላዊ ሲስተም ነው የሚሰጠው፣ አትክልተኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው ነው የሚመለምሉት። ያንን ሁሉ ወጪ ነዋሪው ይከፍላል።

በእኛ ከተማ አራት አምስት ፎቅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ከመሥራት መሬት ላይ ያለ አንድ ማንጎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በነፃ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ላሉት ፎቆች በየበረንዳው ዝቅ ያለ ማስቀመጫና ሐረግ በቂ ነው።

ቦታዬ ሐይቁ ዳር ነው። ደንገሉን አጽድቼ ሣር ልትከል?

ደንገሉን አትንኩት። ደንገል ከግቢውና ከማሳው የሚወርደውን ጭቃና ቆሻሻ ይይዛል፣ ዳርቻውን ከማዕበል ይጠብቃል፣ ዓሣም ወፍም ይኖርበታል። ታንኳ የሚሠሩትም ሰዎች ከእሱ ነው የሚኖሩት። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳርቻው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ፈቃድ ሰጪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውሃው ደግሞ በሰኔና በመስከረም መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል፤ ግንቦት ላይ ደረቅ ያያችሁት መሬት ጥቅምት ላይ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ሎጅ የምትሠሩ ከሆነ ከደንገሉ ኋላ ቁሙና በመሐሉ የእንጨት መተላለፊያ አውጡ። እንግዳው የሚመጣው ለወፉም ጭምር ነው።

ግቢ ውስጥ ኩሬ ለመሥራት ካሰባችሁ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል ብላችሁ እምቦጭ እንዳታስገቡ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያየነው መከራ ይበቃል። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭን ለማዳበሪያ የሚጠቀሙ አሉ፤ ዘሩ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ዘር ከያዘ በኋላ የተለቀመውን ወደ ግቢያችሁ አታምጡ።

አርክቴክቱ ያሳየኝ የስሪዲ ስዕል ሙሉ አረንጓዴ ነው። ውሉ ላይ ምን ልጻፍ?

ስዕል ላይ ተክል መሳል ገንዘብ አያስወጣም። እናንተ የምትጠይቁት እያንዳንዱ ተክል ስሙ ማን ነው፣ የሚበቅልበት አፈር ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ውሃው በየትኛው መስመር ይደርሰዋል፣ የተረፈው በየት ይወርዳል የሚለውን ነው። እነዚህ ፕላኑ ላይ በቁጥር ካልተጻፉ ግንበኛው አይሠራቸውም፣ እውነቱንም ነው። የውጭ ቧንቧ በየፎቁ በረንዳ እንዲኖር በሳኒተሪው (የውሃና የፍሳሽ መስመር) ፕላን ውስጥ አስገቡ፤ በኋላ በባልዲ ደረጃ የሚወጣ ሰው አታገኙም። ተከላው የሚደረገው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ እንዲሆን፣ የመጀመሪያውን በጋም ተክሉን የሚያጠጣና የደረቀውን የሚተካው ማን እንደሆነ በውሉ ይስፈር። ርክክቡ ነሐሴ ላይ ከሆነ ሁሉም ተክል ደህና ይመስላል። ከክፍያው የተወሰነውን እስከ ግንቦት አቆዩት።

የገዛሁት ቦታ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ልቁረጠው?

ከመቁረጣችሁ በፊት ቀበሌውንም ጎረቤቱንም ጠይቁ። ያ ዛፍ ሥር ሽምግልና የተቀመጠ፣ ዕድር የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል፣ ቅሬታውም ከቤቱ ዕድሜ በላይ ይቆያል። ከዚያ አርክቴክታችሁ ዛፉን ፕላኑ ላይ በትክክለኛ ቦታው፣ ግንዱን ብቻ ሳይሆን የጥላውን ስፋት ጨምሮ እንዲያስገባው አድርጉ። ብዙ ጊዜ ቤቱን በኤል ቅርጽ አጥፎ ዛፉን በግቢው በኩል መተው ይቻላል።

ማዳን ከወሰናችሁ አደጋው ያለው በግንባታው ወቅት ነው። ሥሩ ከጥላው ጠርዝ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ጥላው የሚሸፍነውን መሬት በሙሉ በቆርቆሮ እጠሩት፤ እዚያ ላይ አሸዋና ድንጋይ አይራገፍ፣ ሲሚንቶ አይቦካ፣ የሲሚንቶ እጣቢ አይደፋ፣ ከባድ መኪና አይቁም። ግንዱ ዙሪያ አፈር ቆልሎ ከፍ ማድረግም ይገድለዋል። ሞቱ ግን ወዲያው አይታይም፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ከጫፉ መድረቅ የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ፎርማኑ ሌላ ሳይት ላይ ነው።